ትንሽ ኤርፖርት አዲስ በረራ ሲፈልግ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በቀን አንድ ወይም ሁለት በረራ ብቻ የሚያስተናግዱ ኤርፖርቶች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። በዙሪያቸው የሚኖረው ሰው ደግሞ ተጨማሪ በረራ ይፈልጋል። ነጋዴው ጠዋት ሄዶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ማታ ቤቱ ማደር ይፈልጋል። ታማሚ ያለው ቤተሰብ ሙሉ ቀን መኪና ውስጥ መንገላታት ሰልችቶታል። ይህ ቅንጦት አይደለም። በረራ ያለው ከተማና የሌለው ከተማ እኩል አይራመዱም።

የሚያሳዝነው ለዚህ በጎ ዓላማ የሚወጣው ገንዘብና ድካም ደጋግሞ በተመሳሳይ ስህተቶች መባከኑ ነው። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው። አየር መንገድ ወደ አንድ ከተማ የሚመጣው መንገደኛ ፈልጎ ነው። ይህ ሲረሳ ሁሉም ነገር ይዛባል።

ሕንፃውን ማስቀደም

ስፔን ውስጥ፣ ከማድሪድ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሲዩዳድ ሪያል የሚባል ከተማ አለ። እዚያ የተሠራው ኤርፖርት መንደርደሪያው ብቻ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትልልቅ አውሮፕላኖችን ማሳረፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ተከፈተ፣ በ2012 ተዘጋ። እዚያው ስፔን ያለው የካስቴዮን ኤርፖርት ደግሞ በ2011 በድምቀት ተመረቀ። የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ያየው ግን በ2015 ነው።

የአየር መንገድ ዕቅድ አውጪ ስለ ተርሚናሉ መስታወትና እብነ በረድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማን ይሳፈራል፣ ወዴት ይሄዳል፣ ስንት ይከፍላል፣ በክረምትስ ይሄዳል ወይ የሚለውን ነው። ለእነዚህ መልስ ሳይኖር የሚጀመር ግንባታ ዕዳው ይቀራል እንጂ አውሮፕላን አይጠራም።

የነዋሪን ቁጥር እንደ መንገደኛ መቁጠር

"በዙሪያችን ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ አለ" የሚል ማቅረቢያ አየር መንገዶች በየጊዜው ያያሉ። ብዙም አያስደንቃቸውም። የሚፈልጉት ዛሬ በርካታ ሰዓት ነድተው ከሌላ ትልቅ ኤርፖርት የሚሳፈሩት የአካባቢው ሰዎች ስንት እንደሆኑና የት እንደሚሄዱ ማወቅ ነው።

ይህን ማወቅ ይቻላል። የጉዞ ወኪሎች የሚሸጡትን ትኬት ያውቃሉ። ፋብሪካዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ሠራተኞቻቸው በወር ስንቴ ወደ የትኛው ከተማ እንደተጓዙ ከሒሳብ ክፍላቸው ማውጣት ይችላሉ። ከኤርፖርቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው ተመድቦ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ይህን ቢሰበስብ፣ በትልቅ ገንዘብ ከሚገዛ ባለቀለም ጥናት የተሻለ ነገር ይዞ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዛሬ ወደ ሌላ ኤርፖርት የሚነዳ ሁሉ በረራ ስለተጀመረ ብቻ አይመለስም። ለብቻው ለሥራ የሚሄድ ሰው ጊዜውን ለማትረፍ ትኬቱ ትንሽ ቢወደድም ይገዛል። አምስት ሆኖ ለዕረፍት የሚጓዝ ቤተሰብ ግን የዋጋውን ልዩነት በአምስት ያባዛና መኪናውን ያስነሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ ለአየር መንገድ ማቅረብ በስድስት ወር ውስጥ የሚጋለጥ ስህተት ነው።

በትልቅ አውሮፕላን መማረክ

ትልቅ ጄት ሲያርፍ ያምራል፤ ለፎቶም ይመቻል። እስቲ ቁጥሩን እንየው። 180 ወንበር ያለው አውሮፕላን በሳምንት 2 ጊዜ ቢመጣ ከከተማው የሚወጣው ወንበር 360 ነው። 50 ወንበር ያለው በየቀኑ ቢመጣ 350 ነው። ወንበሩ እኩል ሊባል ይችላል። አገልግሎቱ ግን በጣም ይለያያል። ሰኞና ዓርብ ብቻ በረራ ካለ፣ ማክሰኞ ስብሰባ ያለው ሰው ወይ ቀድሞ ሄዶ ያድራል ወይ ይነዳል። አንዴ መንዳት ከለመደ ደግሞ የበረራ ሰዓቱን ማየትም ይተዋል።

በእርግጥ ትልቁ አውሮፕላን ለአንድ ወንበር የሚወጣው ወጪ ያንሳል። ስለዚህ ሳምንት ሙሉ ሊያርፍ የሚመጣ ጎብኚ ላለበት ቦታ በሳምንት ሁለቴም ይበቃል። ለሥራና ለትራንዚት ለሚመላለስ ሕዝብ ግን ትንሹና የዕለት ተዕለቱ ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ ትናንሽ ከተሞችን ለዓመታት ያገለገሉት 50 ወንበር ያላቸው ጄቶች እያረጁ ከአገልግሎት እየወጡ መሆኑንም ማወቅ ደግ ነው። በዚህ መጠን ዛሬም በአዲስ የሚገኘው እንደ ኤቲአር 42 ያለ ባለ ማራገቢያው ቱርቦፕሮፕ ነው። አንዳንድ ከተሞች "ማራገቢያ ያለው አያስፈልገንም" ብለው ሲግደረደሩ ይሰማል። ይህ መስመር ያሳጣል።

ሰዓቱን ለአየር መንገዱ ብቻ መተው

ትልልቅ ኤርፖርቶች ላይ በረራዎች በማዕበል ይሄዳሉ። ብዙ አውሮፕላን በአንድ ላይ ይገባል፣ መንገደኛው ይቀያየራል፣ ከዚያ በአንድ ላይ ይወጣል። ከትንሹ ከተማ የተነሳው በረራ ማዕበሉ ከወጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከደረሰ መንገደኛው የሚቀጥለውን ለመጠበቅ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ይቀመጣል። መስመሩ በካርታ ላይ አለ፤ በተግባር ግን የሚጠቅመው በጣም ጥቂት ሰው ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚነሳ በረራ ከተፈለገ አውሮፕላኑ ማታ መጥቶ ማደር አለበት። ያ ማለት ለአብራሪዎቹና ለበረራ አስተናጋጆቹ መኝታ፣ በቂ የዕረፍት ሰዓት፣ ሌሊት ጥበቃ፣ ብልሽት ቢገኝ የሚመጣ ቴክኒሽያን ማለት ነው። ከተማው ይህን አዘጋጅቶ ከጠየቀ የጠዋቱን ሰዓት የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የአየር መንገዶች የበጋ የበረራ ፕሮግራም የሚጀምረው በመጋቢት የመጨረሻ እሑድ ሲሆን፣ የክረምቱ ደግሞ በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ነው፤ ወሮቹም ወቅቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አውሮፕላኖች የሚደለደሉት ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። ሁለት ወር ሲቀር ደብዳቤ ይዞ መሄድ ለሚቀጥለው ዓመት ማመልከት ነው።

የእሳት አደጋ ቡድኑን መርሳት

ስለ መስመር መስፋፋት ሲወራ ስለ እሳት አደጋ መኪና የሚያነሳ ሰው ብዙ አላየሁም። ብዙ ዕቅድ የሚደናቀፈው ግን እዚህ ጋ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ኤርፖርቶችን በአውሮፕላኑ ርዝመትና በአካሉ ስፋት በእሳት አደጋ ምድብ ይከፋፍላል። ኤቲአር 72 ርዝመቱ 27 ሜትር ያህል ነው፤ ምድብ 5 ይገባል። ለዚህ አንድ ተሽከርካሪና መካከለኛ ደረጃ ያለው የእሳት ማጥፊያ አረፋ ለመሥራት 5,400 ሊትር ውሃ ይበቃል። ቦይንግ 737-800 ግን 39.5 ሜትር ነው፤ ምድብ 7 ይገባል። ሁለት ተሽከርካሪና 12,100 ሊትር ይፈልጋል። በረራው ጥቂት ከሆነ አንድ ምድብ ዝቅ ማለት ይፈቀዳል። ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው። መኪናው ብቻ ሳይሆን በየፈረቃው የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ቡድኑ ወደ ማንኛውም የመንደርደሪያው ክፍል በ3 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት።

አሁን አንድ ተራ ምሽት እንውሰድ። በረራው 12 ሰዓት መግባት ነበረበት። መነሻው ላይ ዝናብ ያዘውና ሦስት ሰዓት ዘገየ። የእሳት አደጋው ፈረቃ የሚያበቃው 2 ሰዓት ላይ ነው፤ የመቆጣጠሪያ ማማውም እንደዚያው። ትርፍ ሰዓት የሚፈቅደው ኃላፊ ስልኩ አይነሳም። በረራው ይሰረዛል። ተርሚናሉ ውስጥ 60 ሰው ሻንጣውን ይዞ ቆሟል፤ ነገ ጠዋት ሊነሳ የነበረው በረራም አብሮ ተሰርዟል፣ አውሮፕላኑ የለማ። ይህ በወር ሁለቴ ከተደገመ ሕዝቡ "እዚህ ኤርፖርት አይታመንም" ይላል። ትርፍ ሰዓቱን ማን በምን ስልጣን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ከአዲስ ማስታወቂያ ይበልጣል።

የደኅንነት ፍተሻውም ያው ነው። አንድ መፈተሻ መስመር ብቻ ያለው ተርሚናል ሁለት በረራ በተመሳሳይ ሰዓት ከተቀበለ ሰልፉ ደጅ ይወጣል። አንዳንዴ መፍትሔው ግንባታ ሳይሆን አንዱን በረራ በ40 ደቂቃ ማሸጋሸግ ነው።

ሙቀት፣ ከፍታና ንፋስን አሳንሶ ማየት

ከባሕር ጠለል ከፍ ባለና ሞቃት በሆነ ቦታ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም ሩጫ ይፈልጋል። ለመነሻ ዕቅድ የሚያገለግለው ስሌት በየ300 ሜትር ከፍታው የመንደርደሪያውን ርዝመት 7 በመቶ፣ ለዚያ ከፍታ በዓለም አቀፉ ስሌት ከተቀመጠው መደበኛ ሙቀት በላይ በየ1 ዲግሪው ደግሞ 1 በመቶ መጨመር ነው። በባሕር ጠለል 2,000 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ 2,700 ሜትር ይፈልጋል። ሙቀቱ ገና አልተጨመረም። መንደርደሪያው ካጠረ አየር መንገዱ ወንበር ባዶ አድርጎ ወይም ጭነት ቀንሶ ይነሳል፤ ትርፉ እዚያው ያልቃል።

የንፋሱን ነገር በደቡብ አትላንቲክ ያለችው የሴንት ሄለና ደሴት በውድ ተምራለች። ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የወጣበት ኤርፖርት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የሙከራ በረራ ያደረገው 737-800 አደገኛ የንፋስ መቀያየር አጋጠመው። መደበኛ በረራው ዘገየ። በመጨረሻ በጥቅምት 2017 የጀመረው አነስ ባለው ኤምብራየር 190 ነው፤ እሱም የመንገደኛ ቁጥር ተቀንሶበት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ የሚባለው ለዚህ ነው። በታሰበው አውሮፕላን የሚበሩ አብራሪዎችን ዲዛይኑ ሳያልቅ ማማከር ብዙ አያስወጣም።

ገንዘብ እየሰጡ መጨረሻውን አለማሰብ

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይኸኛው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አዲስ መስመር በመጀመሪያዎቹ ወራት ይከስራል። ሰው ገና አላወቀውም፣ አልለመደውም። ስለዚህ ከተሞች የገቢ ዋስትና ይሰጣሉ። አየር መንገዱና ከተማው በአንድ ዝቅተኛ የገቢ መጠን ይስማማሉ፤ መስመሩ ከዚያ በታች ካስገባ ልዩነቱን ከተማው ይሸፍናል። አሠራሩ በራሱ ክፉ አይደለም። የሚበላሸው ሲዋዋሉ ነው።

በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት የኒውፖርት ኒውስ ዊሊያምስበርግ ኤርፖርት የሆነውን እንመልከት። ፒፕል ኤክስፕረስ የሚባል አዲስ አየር መንገድ መጣ። የኤርፖርቱ ኮሚሽን ለአየር መንገዱ የባንክ ብድር እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ሆነ። በረራው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 መጨረሻ ተጀመረ። በመስከረም ቆመ። ሦስት ወር አልሞላም። ወደ 4.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋው ዕዳ ከሕዝብ ገንዘብ ተከፈለ፤ ጉዳዩም ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ። ዋስትናው የተሰጠው ለበረረ በረራ አልነበረም። ገና ላልተፈተነ ድርጅት ዕዳ ነበር። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ደህና ውል የሚከፍለው ለተከናወነ በረራ ብቻ ነው። ለተሰረዘ አይከፍልም። ከተማው የሚከፍለው ገንዘብ ጠቅላላ ጣሪያ አለው። በየወሩ የመስመሩ ገቢና ወጪ ይቀርባል፣ ከተማውም በራሱ ሒሳብ አዋቂ ያስመረምራል። ድጋፉ በየጊዜው እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ በአንድ ቀን አይቆረጥም። አየር መንገዱ ማቋረጥ ቢፈልግ አስቀድሞ ማሳወቅ ያለበት ጊዜ ይጻፋል።

ሕጉንም ማየት ግዴታ ነው። በአሜሪካ ኤርፖርት ከራሱ ገቢ ለአየር መንገድ ቀጥታ ድጎማ መክፈል ክልክል ነው፤ የማረፊያ ክፍያ ለተወሰነ ጊዜ መቀነስ ግን ይችላል። ስለዚህ የዋስትናውን ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚያዋጡት የአካባቢው ድርጅቶች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ደግሞ የአዲስ መስመር ማስጀመሪያ ድጋፍ እስከ 3 ዓመት ሲሆን፣ ከኤርፖርት ክፍያው 50 በመቶ አይበልጥም። በቤልጂየም ሻርለርዋ ኤርፖርትና በራያንኤር መካከል በተደረገው ስምምነት ላይ የተነሳው ክርክር ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

በእኔ አስተያየት ከገንዘብ የሚበልጥ ዋስትና አለ። የአካባቢው ድርጅቶች በዓመት ይህን ያህል ትኬት በዚህ መስመር እንገዛለን ብለው ገንዘቡን ቀድመው ሲያስቀምጡ አየር መንገዱ ድጋፉ ሲያልቅ ማን ተሳፍሮ እንደሚቀር ያያል። ሕዝብ የሚያመላልሰው ግን ትርፍ የማያስገኝ መስመር ሲሆን መንግሥት በግልጽ ሊሸከመው ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ለትናንሽ ከተሞች የሚሆን የድጎማ ፕሮግራም አላት፤ አውሮፓም በጨረታ የሚሰጥ የሕዝብ አገልግሎት ግዴታ የሚባል ሥርዓት አለው። እንዲህ ያለውን መስመር "በቅርቡ ያተርፋል" እያሉ ማቅረብ ግን አያስፈልግም። ያስፈልገናል ብሎ በግልጽ መከራከር ይቻላል።

ያለውን አየር መንገድ ችላ ማለት

አዲሱን ለማምጣት የሚሯሯጠው ቡድን ለዓመታት እየበረረ ያለውን አየር መንገድ የአካባቢ ተወካይ በዓመት አንዴ እንኳ አያነጋግርም። አዲሱ የማረፊያ ክፍያ ይቀነስለታል፤ ነባሩ ሙሉውን ይከፍላል። ከዚያ ነባሩ ቅር ይለዋል፣ አንድ በረራ ይቀንሳል፣ የአዲሱ ጥቅም እዚያው ይጠፋል።

ነባሩን ማሳደግ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ቢሮው አለ፣ ሠራተኛው አለ፣ መሰላሉና የሻንጣ ጋሪው አለ። የሚጎድለው ምናልባት አንድ ተጨማሪ የምሽት በረራ ወይም አነስ ያለውን አውሮፕላን በትልቁ መቀየር ይሆናል። የኤርፖርቱ ሥራ አስኪያጅ በየወሩ ከተወካዩ ጋር ይቀመጥ። በየትኞቹ ቀናት ወንበር ሞልቶ ሰው እንደሚመለስ፣ የትኞቹ በረራዎች በኤርፖርቱ ጥፋት እንደዘገዩ ይጠይቅ፤ የተነገረውንም እስከሚቀጥለው ወር አስተካክሎ ይጠብቅ።