እህቴ ስላነበበችው መጽሐፍ በቃሏ ስታቀርብ መሃል ላይ ሲጠፋባት እንዴት እንደፈታነው

ታናሽ እህቴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብባ በ5 ደቂቃ ለክፍሏ እንድታቀርብ ታዘዘች። ታሪኩን በሙሉ ጽፋ ሸመደደችው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠፋት ግን የቀረውም አብሮ ይጠፋል። ድርቅ ትላለች።

አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግቢ ቁጭ ብለን ጽሑፉን ወደ ቦርሳዋ መለስነው። ያን የሚያህል ልብ ወለድ በ5 ደቂቃ ተተርኮ አያልቅም። ስለዚህ ከመጽሐፉ አንድ ገጸ ባሕርይ መረጠች፤ ጉዱ ካሳን። ሰው ለምን እንደ እብድ አየው? ምኑን ነው የተቃወመው? እሷስ ትስማማለች? ካርድ ላይ የጻፈችው ቁልፍ ቃላት ብቻ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ መሆናቸውን፣ መጽሐፉም በ1958 ዓ.ም. መታተሙን ቶሎ ተናግራ ታልፋለች።

ከሁሉ በላይ የረዳት ግን ንባቡ ነው። ጉዱ ካሳ የሚናገርበትን አጭር ክፍል ጮክ ብላ እንድታነብ አደረግን። መጀመሪያ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ የተረከበትን አዳመጥን። የት እንደሚያርፍ፣ የት ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ ልብ ብላችሁ ስሙት፤ በጣም ያስተምራል። ከዚያ ድምጿን በስልክ እየቀዳን ፍጥነቷን አስተካከልን።

ስታቀርብ መሃል ላይ ጠፋት። ካርዷን አየት አድርጋ ቀጠለች። «ጉዱ ካሳ እውነት እብድ ነበር?» ብለው ሲጠይቋትም የራሷ መልስ ነበራት።