ቸኮሌቱ ጭብጦ ሲሆን፦ የማጥቀስ ግብዣ ችግርና መፍትሄ

የምኖረው ከተማው ጫፍ ላይ ነው፣ የካ አባዶ። ጓደኞቼን መሀል ከተማ ካፌ ከመቅጠር ቤት መጥራት ይቀለኛል። ቸኮሌት ይቀልጣል፣ ሙዝ ይቆረጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፤ ሁሉም በስቴኪኒ እየወጋ ያጠቅሳል። ስሙ ፎንዱ ነው፤ በፈረንሳይኛ የቀለጠ ማለት። እኛ መቼም ለማጥቀስ አዲስ አይደለንም። አንድ ዕቃ ከቦ መብላትን ማንም አያስተምረንም። ችግር የሚመጣው ቸኮሌቱን እንደ ወጥ ስንይዘው ነው።

ይህን ግብዣ ስንት ጊዜ እንዳዘጋጀሁ መቁጠር ትቻለሁ። ከኔ ቤት ይልቅ የሚብሰው የጎረቤት ቤት ነው። እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ፣ አስተናጋጇ ወጥ ቤት ላብ አጥምቋት "ኧረ ድረሺልኝ" ተብዬ የሮጥኩበት ቀን ብዙ ነው። ታዲያ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያው አንድ ብልሽት ነው የሚጠብቀኝ።

ቸኮሌቱን ደቆ መክተፍ፣ እሳቱን መቀነስ፣ ሳያቋርጡ ማማሰል፤ እነዚህን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። የኔ መነሻ ለስድስት ሰው 300 ግራም ጥቁር ቸኮሌትና 200 ሚሊ ሊትር ክሬም ወይም ያልተቀጠነ ወተት ነው። ነጭና የወተት ቸኮሌት ሲሆን ፈሳሹን ቀንሱ።

ለስላሳ የነበረው ድንገት ጓጎለ፣ አሸዋ መሰለ፣ ማንኪያው ላይ ተለጠፈ

ያልኳችሁ ብልሽት ይሄ ነው። ምክንያቱ ውሃ ነው። አንድ ጠብታ ይበቃዋል።

ቸኮሌት ማለት ቅባት ውስጥ የተበተነ የካካዎና የስኳር ዱቄት ነው። ቅባት ስለሆነ ይፈሳል፤ ዱቄቱ ግን ደረቅ ነው። ትንሽ ውሃ ስትገባ ስኳሩ ይረጥብና ይጣበቃል፣ ዱቄቱም እዚያው ላይ ይሰበሰባል። በሶ አስቡ። በሶ ላይ ጥቂት ውሃ ብታደርጉ ጭብጦ ይሆናል። ብዙ ብታደርጉ ይበጠበጥና ይጠጣል። ቸኮሌትም እንደዚያው ነው። ከዚህ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን ያዙ።

ውሃው ከየት መጣ? "እኔ ምንም ውሃ አላስገባሁም" ይሉኛል ሁሉም። አስገብታችኋል።

በኛ ሰፈር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የውሃ ፈረቃ ነው። ውሃ የሚመጣው በተራ ነው። አንድ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መጣች። እንግዶቼ በ10 ሰዓት ይደርሳሉ። ድስቱም፣ ጎድጓዳ ሳህኑም፣ ማንኪያውም፣ እንጆሪውም በአንድ ጊዜ ታጠቡ። እኔም በችኮላ እርጥቡን ሳህን አንስቼ ቸኮሌት ገለበጥኩበት። ሳህኑ ግርጌ ላይ የቀረችው ውሃ ለዓይን አትታይም ነበር። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቡናማ ሊጥ ሆነልኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን በፎጣ ማድረቅ ብቻ አይበቃኝም፤ ትንሽ እሳት ላይ አሙቄ፣ በእጄ ዳብሼ ነው የማምነው።

ሁለተኛው የእንጨት ማንኪያ ነው። እንጨት ውሃ ይጠጣል፤ ላዩ ደረቅ ቢመስልም ሙቀት ሲያገኝ ያወጣዋል። በዚያ ላይ ሽሮ ሲማሰልበት የከረመ ማንኪያ ከሆነ ቸኮሌቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። አንዴ እንዲህ ያለ ቸኮሌት በሙዝ አጥቅሼ በልቻለሁ። አይደገምም።

ሦስተኛው እንፋሎት ነው። ቸኮሌቱን ፈሳሹ ሳይገባበት ለብቻው በፈላ ውሃ ድስት ላይ ሲያቀልጡት፣ ከላይ "እንዳይቀዘቅዝ" ብለው ይከድኑታል። ክዳኑ ያልበዋል፣ ላቡ ይንጠባጠባል። ክዳን የለም! ሳህኑ ደግሞ ከድስቱ አፍ ሰፋ ይበል፤ እንፋሎቱ በጎን ሾልኮ እንዳይገባ። የሳህኑ ቂጥም ውሃውን አይንካ።

አራተኛውና የሚያናድደኝ የወጥ እጅ ነው። አንዲት ጎረቤቴ አለች። የሷን ዶሮ ወጥ የበላ ሌላ ቤት አይጣፍጠውም። አንድ ቀን ለልጆቿ ቸኮሌት ስታቀልጥ ወፈረባት። ምን ታድርግ? ሽንኩርት ሲይዝባት የምታደርገውን አደረገች፤ ከጆጉ ውሃ ጠብ። ባሰበት። ሌላ ጠብ። ጭራሽ ድንጋይ ሆነ። ስደርስ ማንኪያው ሳህኑ መሀል ቆሞ ነበር፣ ያለ ደጋፊ። "እኔ እኮ ለሠላሳ ዓመት በዚህ እጄ ነው የሠራሁት" አለችኝ። እውነቷን ነው። ወጥ ላይ ጠብታ ያድናል፣ ቸኮሌት ላይ ጠብታ ይገድላል።

መፍትሄው ቸኮሌቱን መጣል አይደለም። ስንቱ ግማሽ ኪሎ ሲደፋ አይቻለሁ፤ በዛሬ ዋጋ ያቃጥላል። ከእሳት አውርዱት። ወተት ወይም ክሬም ለብቻው አሙቁ፤ ቀዝቃዛ አይሆንም። ለ100 ግራም ቸኮሌት ቢያንስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይግባ፤ በአንዴ፣ ሳትሳሱ። መሀሉ ላይ ጀምራችሁ በፍጥነት አማስሉ። መጀመሪያ የባሰበት ይመስላል፤ አትደንግጡ። ካልፈታ ሌላ አንድ ማንኪያ ጨምሩ። ጭብጦው ወደ በጥባጣ እየሄደ ነው። ሲፈታ ያብለጨልጫል። ለኬክ ሽፋን እንደሚሆነው ደርቆ ኳ የሚል ቸኮሌት አይወጣውም፣ ለማጥቀስ ግን ከበቂ በላይ ነው። የጎረቤቴንም እንዲሁ አድነነዋል። ልጆቹ ምንም አላወቁም።

ፍራፍሬው አልይዝ አለ፣ ቸኮሌቱ ተንሸራቶ ወረደ

ያው ውሃ ነው፣ በሌላ በር ገብቶ። እንጆሪ ሲታጠብ ከነቅጠሉ ይታጠብ፤ ቅጠሉን ቀድማችሁ ካነሳችሁ ውስጡ ውሃ ይይዛል። ከዚያ በሶፍት አንድ በአንድ አድርቁ። አዎ፣ አንድ በአንድ። አናናስና ብርቱካን ጭማቂያቸው ስለማያልቅ ቆርጣችሁ ለጥቂት ጊዜ ወንፊት ላይ አቆዩአቸው። ከፍሪጅ የወጣ ፍሬ ላይ ጤዛ ይሠራል፤ ቀደም ብላችሁ አውጡት። ሐብሐብ አታቅርቡ። ለምን እንደሚያቀርቡት አላውቅም።

ሙዝ ከሁሉ ይሻላል። ከመጠን በላይ ያልበሰለ፣ ስቴኪኒ የሚሸከም ይሁን። ከዳቦ ድፎ፣ የትናንቱ። ትኩስ ድፎ ይፈረፈርና ቸኮሌቱን ገንፎ ያደርገዋል። ቦምቦሊኖ በአራት ተቆርጦ ሲጠቀስ ግን… ሞክሩት።

ተቃጠለ፣ መረረ፣ ፍርፍር አለ

አይድንም። ድፉት። ጥቁር ቸኮሌት ከ50 ዲግሪ ብዙ ማለፍ የለበትም፣ ነጭና የወተቱ ደግሞ ከ45። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ "የኛ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ አያቃጥልም" የምትሉ ሰዎች ሒሳቡን ሥሩት። ለቸኮሌት አሁንም እጥፍ ነው ማለት ይቻላል። ውሃው ሳይንተከተክ፣ ጨሰስ ሲል ይበቃል። ማይክሮዌቭ ከሆነ በ20 ሰከንድ እያወጡ ማማሰል ነው።

ዘይቱ ለብቻው ተንሳፈፈ

ሙቀት በዝቶበታል ወይም ፈሳሹ አንሶታል። አውርዱት፣ ሞቅ ያለ ወተት በማንኪያ እየጨመራችሁ ከመሀል ወደ ዳር አማስሉ።

አልቀልጥ አለ፣ ወይም ቀልጦ ሻማ ሻማ ይላል

ማሸጊያውን አንብቡ። የካካዎ ቅቤ መሆን ሲገባው የአትክልት ዘይት የሞላበት ቸኮሌት ሱቁን ሁሉ አጥለቅልቆታል። ርካሽ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ አፍ ውስጥ ግን እንደ ሻማ ይለጠፋል። ለኩኪስ የሚሆኑት ጠብታ ቸኮሌቶችም ምድጃ ውስጥ ቅርጻቸውን እንዲይዙ የተሠሩ ስለሆኑ ወፍረው ይቀራሉ። ላዩ ላይ ነጣ ያለ ነገር ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ አይደለም፣ ቅባቱ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፤ ሲቀልጥ ይጠፋል።

ጠረጴዛ ላይ ረጋ

እዚህ ዳር አገር ሁለት ጠላት አለ። አንዱ ብርድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ላይ ንፋሱ በበር ስር ይገባል። የካካዎ ቅቤ የሚቀልጠው በሰው አፍ ሙቀት አካባቢ ነው፣ በ34 ዲግሪ ገደማ፤ ሳሎናችሁ ያንን አያውቅም። ሌላው ጠላት እንግዳው ነው። "መገናኛ ደርሻለሁ" ያለ ሰው አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ሰው በር ሳያንኳኳ ቸኮሌት አይቀልጥም። ይሄ በኔ ቤት ሕግ ነው።

ሙቀቱን ለመጠበቅ ከሸክላ ጥብስ ማቅረቢያ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ከታች ፍም፣ ከላይ ሳህን። ፍሙን ግን አመድ አልብሱት፤ ገላጣ ፍም ቸኮሌቱን በደቂቃዎች ያሳርረዋል። ቸኮሌቱን በቀጥታ ሸክላው ላይ አታፍሱ። የጥብሱ ሽታ አይለቅም፣ ሸክላም ውሃ ይጠጣል፤ ከላይ የተናገርኩትን ሁሉ ልድገመው እንዴ? የብረት ሳህን ጣል አድርጉበት። መብራት ቢጠፋም ግብዣው ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ከሰል ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ውጭ አቀጣጥሉ፣ በደንብ ከፋመ በኋላ ጥቂቱን ብቻ አስገቡ፣ መስኮት ክፈቱ። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማችሁ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ። መስኮት ከፍቶ መቀመጥ የማይቻልበት ብርድ ከሆነ ከሰሉን ተዉት፣ ሳህኑን ሙቅ ውሃ በያዘ ድስት ላይ አስቀምጡ። ሲተኛም ከሰሉ ቤት ውስጥ አይደር።

"የጾም ነው?" ተባለ

ረቡዕና ዓርብ ለምን እንደምትጠሩ አይገባኝም፤ ሁዳዴ ላይ ከሆነ ደግሞ 55 ቀን ነው፣ ማምለጫ የለም። ጥቁር የተባለ ሁሉ የጾም አይደለም፤ የወተት ቅባት ያለበት ብዙ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ ፈልጉ። ፈሳሹ ውሃ ይሁን። አዎ፣ ያው ውሃ። 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ላይ 60 ሚሊ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ በአንዴ፣ ከዚያ ማማሰል። ወፈር ካለ ትንሽ ጨምሩ። ጎረቤቴ ይህን ስታይ "ታዲያ የኔ ውሃ ምን አጠፋ?" አለችኝ። ማነሱ ነዋ!

ነክሶ መልሶ የሚነክር እንግዳ

በየቡድኑ አንድ አለ። መናገር ይከብዳል፤ ጉርሻ ባለበት አገር "ምራቅህ" አይባልም። ለያንዳንዱ ሰው በቡና ሲኒ ቀዱለት፣ ተገላገሉ። ሲኒው ቀድሞ በሙቅ ውሃ ይሙቅ፣ ከዚያ ይድረቅ። ጥርት ብሎ!

ግቢ ውስጥ ውሻ ካለ ፍርፋሪ አትጣሉለት፤ ቸኮሌት ለውሻ መርዝ ነው። ልጆች ካሉም የስቴኪኒውን ጫፍ ቁረጡት።

የተረፈውን ሲንክ ውስጥ አትድፉ፣ ቧንቧው ውስጥ ይረጋል። ሳህኑ ላይ ወተት ጨምራችሁ ትንሽ እሳት ላይ አማስሉት። ለቀሩት ሁለትና ሦስት ሰዎች፣ ታክሲ እስኪገኝ፣ አንድ አንድ ሲኒ ይወጣዋል።