ዘይት የሚደፍነው ሜምብሬን እንዴት እንደተስተካከለ

ዘይት ከውሃ የምለይበት የፒቪዲኤፍ (የፕላስቲክ ዓይነት) ሜምብሬን፣ ማለትም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ማጣሪያ፣ ሥራ በጀመረ ቁጥር ወዲያው ይደፈን ነበር። ግፊት መጨመር ያባብሰዋል፤ የዘይት ጠብታዎቹን ወደ ቀዳዳዎቹ ይሰነቅራቸዋልና። ምክንያቱ የቁሱ ባሕርይ ነው፦ ፒቪዲኤፍ ውሃን ይሸሻል፣ ዘይትን ይስባል።

መፍትሔው ገጹን ውሃ ወዳድ ማድረግ ሆነ። ሜምብሬኑን በኤታኖል አርሼ በውሃ ካለቀለቅሁት በኋላ፣ ትሪስ በተባለ፣ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) 8.5 ላይ በሚጸና ፈሳሽ ዶፓሚን የተባለውን፣ ገጽ ላይ ተጣብቆ ሽፋን የሚሠራ ኬሚካል አሟሙቼ፣ በዚያ ውስጥ ነከርኩት። ዕቃው አይከደን! ሽፋኑ የሚሠራው ከአየር በሚገኝ ኦክስጅን ነው። ፈሳሹ መጀመሪያ ቡናማ፣ ቆይቶም ጥቁር ይሆናል፤ ሜምብሬኑም አብሮት ይጠቁራል።

አሁን ውሃ ውስጥ የዘይት ጠብታ ሲነካው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ይንከባለላል። ጠብታውን የሚያግደው ገጹ የያዘው ስስ የውሃ ንጣፍ ስለሆነ፣ ዘይት ሳይደርስበት መራስ አለበት። ፍሰቱንም ቀጥታ ወደ ገጹ ከሚገፋ ይልቅ በገጹ ላይ አግድም እየተንሸራተተ እንዲያልፍ አደረግሁት። ለማጽዳት ውሃ ወደ ኋላ መግፋት ይበቃል፤ ጠንካራ አልካላይን ሽፋኑን ያራግፋል።