እንጆሪ ላይ ፀረ ተባይ ስትረጩ ቅጠሉን ገልብጡ

ጠንከር ያለ መድኃኒት ፍለጋ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ የእንጆሪ ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ። ክሽክሹም፣ ነጭ ዝንቡም፣ ስፓይደር ማይቱም በብዛት ያለው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ከላይ ከላይ ረጭቶ ይሄድና ተባዩ ሲመለስበት «መድኃኒቱ አይሠራም» ይላል። መቼ ደረሰበትና!

መጀመሪያ ተባዩን ለዩ። ክሽክሽ በዓይን ይታያል፤ ለጋ ቅጠል ላይ ይሰበሰባል፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽም ይተዋል። ማይት ግን ደቃቅ ነው፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ይፈልጋል። ቅጠሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ከተሞላ፣ ሲብስም ድር ካደራበት እሱ ነው። ሙቀትና ድርቀት ይወዳል፤ ስለዚህ በበጋ አቧራ የሚነሳበት መንገድ ዳር ያለውን መደብ ቀድማችሁ ፈትሹ። ማይት የሸረሪት ዘመድ ስለሆነ ብዙው የነፍሳት መድኃኒት አይገድለውም፤ እንዲያውም እንደ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያሉት ማይቱን የሚበሉለትን ጠላቶቹን ይጨርሱና እሱ ይባስ ይፈላል። የምትገዙት መድኃኒት ለማይትም ለእንጆሪም የተፈቀደ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ አረጋግጡ።

«አንድ ክዳን ለአንድ መርጫ» የሚባለውን ልኬት ተዉት። መርጫው ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ 10 በ10 ሜትር ቦታ እንደወትሯችሁ ርጩና የጎደለውን ለኩ። 5 ሊትር ከሄደ ለሄክታር 500 ሊትር ውሃ ትጠቀማላችሁ ማለት ነው። ጽሑፉ ለሄክታር ግማሽ ሊትር መድኃኒት ካዘዘ፣ ለ16 ሊትሩ መርጫ 16 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል።

ከመርጨታችሁ በፊት ያረጀውን ቅጠል አንሱ፤ ውስጡ ካልተከፈተ ጠብታው አይገባም። የደረሰውን ፍሬም ልቀሙ። እንጆሪ በየሁለት ሦስት ቀኑ ስለሚለቀም፣ ከርጭት እስከ ለቀማ ጠብቁ የተባለው ጊዜ ከዚያ የረዘመ መድኃኒት አትምረጡ። ሰው በእጁ ይዞ እንዳለ የሚበላው ፍሬ ነው፣ ልጆችም ይበሉታል፣ እባካችሁ!

ስትረጩ ኖዝሉን (ፈሳሹ የሚወጣበትን የመርጫውን ጫፍ) ዝቅ አድርጋችሁ አፉን ወደ ላይ አዙሩ፣ መደቡንም ከሁለቱም ወገን ሂዱበት። ቅጠሉ ረጥቦ መንጠባጠብ ሲጀምር በቃ፤ ከዚያ በላይ ያለው መሬት ነው የሚጠጣው። እንደጨረሳችሁ መሃል ካለው ተክል ጥቂት ቅጠል ገልብጡ፣ ጀርባው ደረቅ ከሆነ አካሄዳችሁን አስተካክሉ።

ሰዓቱ አመሻሽ ይሁን፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ነፋስም ሲረጋ። እንጆሪ ላይ አበባ አይጠፋም፤ ንብ ከሞተች ደግሞ ፍሬው ይንሻፈፋል።

እንቁላሉ ብዙ ጊዜ ከርጭት ይተርፋል። ከቀናት በኋላ እንደገና ፈትሹ፣ መድገም ካስፈለገም ጽሑፉ ላይ የቡድን ቁጥሩ (ተባዩን በምን መንገድ እንደሚገድል የሚያሳየው ቁጥር) የተለየ መድኃኒት ተጠቀሙ፤ ያው ከተደጋገመ ተባዩ ይለምደዋል።

ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ እጀ ረጅም ልብስና ለኬሚካል የተሠራ ማስክ አድርጉ። የተደፈነ ኖዝል በአፍ አይነፋም። ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩ፣ ከዚያ ብሱት፤ ዘይትም ውሃም እንዳይቀዳበት።