በግቢያችሁ ሳምንታዊ ሴሚናር ለመመሥረት

በግቢ ውስጥ ሳምንታዊ ዝግጅት ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው አንድ እንግዳ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚናገርበት፣ ሌላው ተቀምጦ የሚያዳምጥበት መርሐ ግብር ነው። ሴሚናር ግን ተማሪው ራሱ የጻፈውን ይዞ የሚቀርብበት፣ ጓደኞቹም አስቀድመው አንብበው የሚሞግቱበት ጉባኤ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፔዳ፣ በፖሊ ወይም በዘንዘልማ ግቢ እንዲህ ያለ ጉባኤ ለመጀመር ለምታስቡ ተማሪዎች አካሄዱ ከዚህ እንደሚከተለው ነው።

ልማዱ ሥር የሰደደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1810 በተቋቋመው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁሩ ሊዮፖልድ ፎን ራንከ ጥቂት ተማሪዎችን በቤቱ እየሰበሰበ የጥንት ሰነዶችን ያስመረምራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ሥራ የጀመረው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም ያንኑ አሠራር ወሰደ፤ የታሪክና የፖለቲካ ሴሚናሩ ዓርብ ማታ እየተሰበሰበ የተማሪዎቹን ጽሑፍ ይመረምር ነበር፤ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ውድሮው ዊልሰን የመጀመሪያ መጽሐፉን ምዕራፎች ያቀረበው በዚያ ነው። ለጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ የዋለውን ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፤ ጉባኤ ቃና የተባለውን ባለሁለት ቤት (ባለሁለት ስንኝ) ቅኔ ሳያደላድልም መወድስ ወደተባለው ባለስምንት ቤት አይዘልም።

የአባላቱ ቁጥር ከ8 እስከ 12 ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ሳያነብ የሚመጣ ሰው መደበቂያ ያገኛል። ዓርብ ማታን ከባልቲሞር መቅዳት ለእኛ አያዋጣም፣ ሳምንቱ አልቆ ሁሉም ወደ ከተማ የሚወጣበት ሰዓት ነውና። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ቢሆን ከካፌው እራት ጋር አይጋጭም፣ ከሌላ ግቢ በባጃጅ የሚመጣውም ሳይመሽበት ይመለሳል። ክፍሉን በየሳምንቱ ከመለመን ይልቅ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አንድ ደብዳቤ ጽፋችሁ ለሴሚስተሩ በሙሉ አስፈቅዱ፤ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚያድርም አጣሩ፣ ስንቱ ጉባኤ የሚበተነው በር ላይ ነውና።

ዋናው ሥራ ጽሑፉ ነው። ከ5 ገጽ ያልበለጠ ሆኖ ከጉባኤው 3 ቀን በፊት በቴሌግራም ለሁሉም ይድረስ። ጥያቄው ጠባብ ይሁን፤ «የእምቦጭ ችግር በጣና» የሚለው ርእስ አንድ ዓመትም አይበቃውም፣ «በእጅ የተነቀለው እምቦጭ የት ይጣላል፣ ጭቃ ውስጥ የቀረው ዘርስ ምን ይሆናል?» የሚለው ግን በ5 ገጽ ይያዛል። አቅራቢው ጽሑፉን ቃል በቃል ማንበብ የለበትም፣ ለ10 ደቂቃ ሐሳቡን አስረድቶ ዝም ይበል። ቀጥሎ የሚናገረው ተሟጋች ሆኖ አስቀድሞ የተመደበው ተማሪ ነው፤ እርሱም በመጀመሪያ የአቅራቢውን ክርክር «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪያሰኝ ድረስ በራሱ ቃል ይድገመው፣ ከዚያ ወደ አንዲት ዐረፍተ ነገር ይጠቁም። ለምሳሌ ጽሑፉ «እምቦጭ የሐይቁን ዓሣ አመናመነው» ቢል፣ የተነገረው ስለ ቀረሶ ነው ወይስ ስለ አምባዛ፣ የተመዘነው ከየትኛው ዳርቻ የወጣ ዓሣ ነው፣ ዓመቶቹስ ስንት ናቸው፣ የመረብ ብዛትስ ምክንያት ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ ይጠይቅ። «ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ቀጥልበት» ማለት ለአቅራቢው የሚጠቅመው ነገር የለም።

መምህር መጋበዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን መጨረሻ ላይ እንዲናገሩ አስቀድማችሁ በአክብሮት ንገሯቸው፣ መምህሩ አንድ ጊዜ ከፈረዱ ከተማሪ ወገን ደፍሮ የሚቃወም አይገኝምና።

ቃለ ጉባኤ ያዡ የተባለውን ሁሉ መጻፍ አይጠበቅበትም፤ መልስ ያላገኙትን ጥያቄዎች ብቻ ከጠያቂው ስም ጋር ይመዝግብ። አቅራቢው እነዚህን ይዞ ጽሑፉን በ2 ሳምንት ውስጥ ያርም። በባልቲሞር የተመረጡ ሥራዎች እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ በተከታታይ ይታተሙ ነበር፤ ለእናንተ የታረሙትን በፎቶ ኮፒ ቤት አስጠርዞ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት መስጠት ይበቃል። በፈተና ሳምንታት ጉባኤውን በይፋ ዝጉ፤ ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ቀጣዩ አቅራቢና ተሟጋቹ በስም ተለይተው ይታወቁ።