ዝም ካለ የመኪና አጓጓዥ ድርጅት ጋር ከውጭ ሆኖ ጉዳይን ስለመከታተል

የላኩት መኪና ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ መነሣቱ ከተነገረዎት በኋላ አጓጓዡ ድርጅት ስልክ ማንሣት ካቆመ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት መኪናው በአሁኑ ሰዓት በማን እጅ እንዳለ ነው። መኪናው በጅቡቲ ድንበር ባለችው በጋላፊ በኩል ገብቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ቃሊቲ ጉምሩክ ቅርንጫፍ ላይ የቀረጥ ጉዳዩ እስኪያልቅ ቆሞ ከሆነ፣ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ትራንዚተሩ፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳዩን የሚያስፈጽምልዎ ወኪል ነው። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን (በመኪናው አካል ላይ የታተመውን መለያ ቁጥር) ጠቅሰው ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) መመዝገቡንና የጉምሩክ መልቀቂያ መውጣቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ይጠይቁት። መልቀቂያው ወጥቶ መኪናው ካልደረሰ ግን ክርክሩ ከአጓጓዡ ጋር ብቻ ነው።

አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው በቴሌግራም መልእክት መደርደርና ሌሊት ተነሥቶ መደወል ነው። በዚህ መንገድ መልስ የሚያገኙ አሉ፤ ዝምታን ለመረጠ ድርጅት ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጥሪ የሚያስገድደው ነገር የለም። የሚያስገድደው ሕጋዊ ሥልጣን ይዞ ግቢው በር ላይ የሚቆም ሰው ነው።

ይህ ሰው ወንድም ወይም እህት መሆኑ ብቻ አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ የመሥራት ሥልጣን ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፤ ክስ ለመመሥረት፣ ለክስ መልስ ለመስጠትና በእርቅ ለመጨረስ በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ጉዳዬን ይከታተልልኝ» ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት የሄደ ዘመድ ባዶ እጁን የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በሚያዘጋጁት ውክልና ላይ መኪናውን መረከብ፣ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ መክሰስ፣ መታረቅና ጠበቃ መወከል በግልጽ ይጻፉ። ሰነዱ አዲስ አበባ እንደደረሰ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ ስላለበት፣ ችግር እስኪፈጠር ሳይጠብቁ መኪናው ሳይጫን ቢልኩት እጅግ ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው እርምጃ ይህ ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 1772 መሠረት ባለዕዳው፣ እዚህ ላይ አጓጓዡ፣ ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ አንቀጽ 1774 ደግሞ ተገቢ የሆነ የመጨረሻ ቀን መወሰንን ይፈቅዳል። ደብዳቤው የውሉን ቀን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተከፈለውን ገንዘብ፣ መኪናው መድረስ የነበረበትን ቀንና አሁን የተሰጠውን የጊዜ ገደብ ይያዝ። ወኪልዎ በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ ይውሰድ፤ አንዱን ሰጥቶ በቀሪው ላይ ቀን፣ ስም፣ ፊርማና ማኅተም ያስደርግ። አንቀበልም ካሉ በምስክሮች ፊት ማቅረቡን መዝግቦ በአደራ ፖስታ ይላክላቸው። ለወራት ስልክ ያላነሣ ሥራ አስኪያጅ በቀሪው ላይ ከፈረመ በኋላ ራሱ የሚደውልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የድርጅቱ ግቢ የት እንዳለ በትክክል ማወቅም ያስፈልጋል። ቃሊቲ ወይም ቱሉ ዲምቱ ከሆነ ወኪልዎ የሚሄደው ወደ አዲስ አበባ ፖሊስና ንግድ ቢሮ ነው፤ ጥቂት አለፍ ብሎ ገላን ከሆነ ግን ቦታው በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ የሚያገኛቸው የኦሮሚያ ክልል መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ የሥራ ቋንቋቸውም አፋን ኦሮሞ በመሆኑ አቤቱታው በዚያው ቋንቋ ቢዘጋጅ ይፈጥናል። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው አድራሻና መኪናው የቆመበት ግቢ ሊለያዩ ስለሚችሉ ሁለቱንም ይመዝግቡ።

ድርጅቱ ተጨማሪ ክፍያ ይቀረናል የሚል ከሆነ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሚከፍሉትንም በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንጂ በሹፌሩ ወይም በደላላው ቴሌብር አይላኩ። መዘግየት ብቻውን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ በመሆኑ ፖሊስ ሊገፋበት አይችልም። ሆኖም ድርጅቱ መኪናውን ተረክቦ ሳለ አልተረከብኩም ካለ ወይም ለሌላ አሳልፎ ከሰጠ፣ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 የተደነገገው የእምነት ማጉደል ወንጀል ሊነሣ ስለሚችል፣ የጭነት ደረሰኙን ይዞ ማመልከት ይገባል።

መኪናው ሲገኝ ወኪልዎ ከደስታ የተነሣ ፈጥኖ እንዳይፈርም አደራ ይበሉት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ የሚጓጓዘው በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነ፣ ከአካሉ በተጨማሪ የቻርጅ ገመዱን፣ ሁለቱንም ቁልፎችና ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሊደክም የሚችለውን ትንሹን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይፈትሽ። የጎደለውንና የተጫረውን ፎቶ አንሥቶ በርክክብ ሰነዱ ላይ ካስጻፈ በኋላ ይፈርም፤ የጭነት ኢንሹራንስ ገብተው ከሆነም ጉዳቱን በዚያው ዕለት ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።