ከመስታወቱ በፊት ዝገቱን

በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠራ የመስታወት ሕንፃ ሊታደስ ሲባል ሁሉም የሚጠይቀው መስታወቱ መቼ እንደሚቀየር ነው። እኔ ውሃው የት እንደሚገባ ሳላውቅ መስታወት አልነካም። አንዴ ነክቼ ተቀጥቻለሁ። የተሰነጠቀውን አውርደን አዲስ ሰቀልን፤ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ጥግ ላይ ደግሞ ተሰነጠቀ።

ፍሬሙን ስንፈታው ነገሩ ገባኝ። ከውጭ የማይዝገው ብረት ያበራል፤ ከጀርባው ያለው ተራ ብረት ግን ዝጎ አብጧል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ሲያጣ መስታወቱን ይገፋል። በእ.ኤ.አ. 1952 የተጠናቀቀው የኒው ዮርኩ ሌቨር ሃውስ ሕንፃም በዚሁ ችግር ነው መስታወቱ ሲሰባበር የኖረው፤ በመጨረሻ የድሮ መልኩ ተጠብቆ የውጭ የመስታወት ልባሱ በሙሉ ተቀየረ።

ስለዚህ ከየጎኑ ቢያንስ አንድ ፓነል አስፈቱ፤ ዝናብ ከሚመታው በኩል ጨምሩ። ግን ዝም ብላችሁ አትጀምሩ። የዚያ ዘመን የመገጣጠሚያ ማሸጊያ ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል፣ የእሳት መከላከያ ርጭቱና የወለል ታይሉ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። የላብራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ማንም መሮ እንዳያነሳ።

ኮንክሪቱ ላይ የምወዳት ሙከራ አለችኝ። ትንሽ ፈንከት አድርጉና አዲሱ ስብራት ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባለውን ቀለም የሚቀይር መፈተሻ ፈሳሽ ርጩ። ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው። ቀለም አልይዝ ካለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በልቶታል፤ ብረቱን ከዝገት አይጠብቅም። ቀለም አልባው ክፍል ፌሮው ጋ ከደረሰ ልስን ለጥፎ ማለፍ ራስን መሸወድ ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ፍሬሙ እናውራ። የሚላኑ ፒሬሊ ሕንፃ በእ.ኤ.አ. 2002 አውሮፕላን ከመታው በኋላ ሲታደስ የአሉሚኒየም ፍሬሞቹ ወርደው፣ ታክመው ተመልሰው ተሰቀሉ። እኔም ከተቻለ ይኸንን እመርጣለሁ። ድርብ መስታወት ካስገባችሁ ግን ክብደቱ ይጨምራል፤ ማሰሪያዎቹ መቻላቸውን መሐንዲስ ያስላ።

ውስጡ ላይ ራስ ምታቱ ቁመት ነው። የወለል ከፍታው አጭር ነው፣ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦው (ዳክቱ) ደግሞ ወፍራም። ዳክቱን ወደ ሊፍትና ደረጃው አካባቢ ሰብስቡት፤ መስኮቱ ጋ ኮርኒሱ ከመስታወቱ ራስ በታች እንዳይወርድ። ማምሻውን መብራቱን አብርታችሁ ከመንገዱ ማዶ እዩት። መስታወቱ አናት ላይ ጥቁር ሰንበር ከታያችሁ ኮርኒሱ ዝቅ ብሏል። እኛ ያየነው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ አንድ ፎቅ ሙሉ አፍርሰን ደግመናል።